ይዞራል እንጂ አይነሳም

ከገዳሪፍ ተነስቶ በዶካ በኩል እስከ ጋላባት የሚዘልቀው መንገድ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድንበሩን ተሻግሮ መተማ ዮሐንስ፣ ከዚያም ገንዳ ውሃ፣ አይከልና አዘዞ እያለ ጎንደር እስኪገባ ደግሞ ወደ 200 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ይቀራል። በዚህ መስመር ላይ ጎማ የፈነዳበት ሹፌር ብዙ አይደነግጥም፤ ክሪኩን ያወጣል፣ ረዳቱ ድንጋይ ያስደግፋል፣ ነገሩ ያልቃል። ሹፌሩን የሚያስጨንቀው ሌላ ነው። ቁልፉን ሲያዞር ሞተሪኖው በሙሉ ጉልበቱ ይሠራል፣ ሞተሩ ይዞራል፣ ግን አይነሳም።

የዚያን ጊዜ ግምት ይጀመራል። አንዱ ባትሪ ነው ይላል፣ ሌላው ኖዝል ነው ይላል፣ ጥላ ሥር የተቀመጠው ደግሞ ፖምፓው አልቋል ብሎ ይፈርዳል። እስኪመሽ ፖምፓው ተፈትቶ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ወደ ከተማ ይላካል። ከቀናት በኋላ ተጠግኖ ሲመለስ መኪናው አሁንም እምቢ ይላል፤ ጥፋቱ ከነዳጅ ቋቱ ሥር የተሰነጠቀች የጎማ ቱቦ ሆና ተገኝታለችና። ባለንብረቱ ለፖምፓው ከፍሏል፣ ጭነቱ ዘግይቷል፣ ሹፌሩ ስሙ ጠፍቷል።

እየዞረ አልነሳ ያለ የናፍጣ መኪና ብዙውን ጊዜ ሞተሩ የሞተ አይደለም፤ ንጹሕ ናፍጣ በበቂ ግፊት አልደረሰውም። እንዲህ ያለውን መኪና በቅደም ተከተል መፈተሽ እንጂ ዕቃ እየቀያየሩ ዕድል መሞከር አያዋጣም። ንጹሑን ናፍጣ የማድረሱ ኃላፊነትም በሹፌሩ ትከሻ ላይ ብቻ ሊጣል አይገባም።

ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 አውግስቡርግ ከተማ ላይ በተሳካ ሁኔታ ያሠራው ሞተር እሳት የሚጭር ካንዴላ የለውም። አየር ብቻ ይስባል፣ የሳበውን አየር ወደ 16 ወይም 18 እጥፍ አሳንሶ ይጨምቀዋል። እንዲህ የተጨመቀ አየር ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል፤ በዚያች ቅጽበት የተረጨ ናፍጣ ማንም ሳይለኩሰው ይነዳል። እ.ኤ.አ. በ1927 የሮበርት ቦሽ ኩባንያ ናፍጣን በከፍተኛ ግፊት ለክቶ የሚረጭ ፖምፓ በብዛት ማምረት ከጀመረ ወዲህ ይህ ሞተር ካሚዮን ላይ ወጣ፣ ዛሬም የገዳሪፍን ማሽላና የመተማን ሰሊጥ የሚያመላልሰው እሱ ነው። የሚፈልገው ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ በቂ ጭመቃ፣ በቂ የመዞር ፍጥነት፣ በሰዓቱ የተረጨ ደቃቅ ናፍጣ። አንዱ ከጎደለ ሞተሪኖው እስኪቃጠል ቢዞር አይነሳም።

ጥሩ መካኒክ ቁልፍ ከማንሳቱ በፊት ማርሚታውን ያያል። ረዳቱ ሞተሩን እያዞረ ጭስ ይወጣል ወይስ አይወጣም? ምንም ጭስ ከሌለ ናፍጣው ሲሊንደሩ ውስጥ አልደረሰም፤ ፍለጋው ከነዳጅ ቋቱ እስከ ኖዝሉ ባለው መስመር ላይ ነው። ነጭ ጭስ ከወጣ ናፍጣው ደርሷል፣ ግን አልነደደም፤ ጭመቃው ደክሟል፣ ወይም ውሃ ተቀላቅሏል፣ ወይም የፖምፓው ሰዓት ተዛብቷል፣ ወይም ብርድ ነው። ድፍን ያለ ጥቁር ጭስ ከሆነ አየር አንሷል፤ የአየር ፊልትሮው ታፍኖ ሊሆን ይችላል። ይህ ምርመራ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፣ ገንዘብም አያስወጣም። ሆኖም በየመንገዱ ዳር ከሚፈቱት ፖምፓዎች ስንቶቹ ጭሱ ሳይታይ እንደሚፈቱ ሲታሰብ ያሳዝናል።

ብርድን በሚመለከት ይህ መስመር የራሱ ጠባይ አለው። ከጎንደር አልፎ ደባርቅና ዳባት ላይ ያደረ መኪና ማለዳ ነጭ ጭስ እየተፋ አልነሳ ቢል አያስደንቅም፤ ደጋው ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩም ስስ ነው። ገዳሪፍ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 600 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቷ 40 ዲግሪ ይደርሳል፣ ያልፋልም። እዚያ በብርድ ማመካኘት አይቻልም። ከዚህ ይልቅ በቆላው የሚታየው ተቃራኒው ነው፤ ጠዋት በአንድ ዙር የተነሳ መኪና እኩለ ቀን ላይ ሻይ ለመጠጣት ሲቆም አልነሳም ይላል።

ይህ ጉዳይ ሰፋ ብሎ መነገር አለበት፣ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ነውና። በትናንሽ ካሚዮኖችና በፒክአፖች ላይ የሚገኘው ክብ ፖምፓ፣ ውስጡ ሲበላ፣ ናፍጣውን ጨምቆ ለመግፋት አቅም ያንሰዋል። ናፍጣው ቀዝቃዛ ሳለ ወፈር ስለሚል በተበላው ክፍተት በቀላሉ አያመልጥም፣ ሞተሩም ይነሳል። ሲግል ግን ይቀጥናል፤ ሞተሪኖው በሚያዞረው ዝቅተኛ ፍጥነት ላይ ግፊቱ ሁሉ በክፍተቱ ያመልጣል። አንዴ ከተነሳ ፍጥነቱ ስለሚጨምር ያለ ችግር ይሄዳል፤ ለዚህ ነው ሹፌሩ «ሲሄድ ምንም የለበትም» የሚለው። መፈተሻው ቀላል ነው። እርጥብ ጨርቅ ፖምፓው ላይ ጠቅልሎ፣ ጥቂት ውሃ እያፈሰሱ ሩብ ሰዓት ያህል ማቀዝቀዝ። ከዚያ በኋላ ከተነሳ ጥፋተኛው በእርግጥም ፖምፓው ነው፣ ያኔ ቢፈታ ገንዘቡ በከንቱ አልወጣም። ውሃው ምርመራ እንጂ ሕክምና እንዳልሆነ ማወቅም ይገባል፤ የጋለ ብረት ላይ ደጋግሞ ማፍሰስ ሌላ ጉዳት ያመጣል።

ጭስ ከሌለ ፍለጋው ከቅርቡና ከርካሹ ይጀምራል። ናፍጣ አለ ወይ? ጠቋሚው የሚለውን ሳይሆን ዘንግ አስገብቶ ማየት። የናፍጣ መዝጊያው ይከፈታል ወይ? በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ቁልፉ ሲዞር ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ካልተሰማ ፊውዝ ወይም የተበጠሰ ሽቦ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ የሚዞረው በቂ ፍጥነት ይዞ ነው ወይ? ትልቅ ካሚዮን ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪ ተያይዞለት በ24 ቮልት ይሠራል፤ ሞተሪኖው ሲዞር ቮልቱ ከ19 በታች ከወረደ ድምፁ ደህና ቢመስልም አየሩ ለማቀጣጠል አይግልም። የነዳጅ ቋቱ ክዳን ሲከፈት አየር «ሽው» ብሎ ከገባ ደግሞ መተንፈሻው ተደፍኗል። የገዳሪፍ ዋልካ በበጋ ተሰነጣጥቆ ዱቄት ሆኖ ይነሳል፣ ያችን ቀጭን ቀዳዳ ለመድፈን ጥቂት ጉዞ ይበቃዋል።

ከዚያ አየር። በነዳጅ ቋቱና ናፍጣውን ስቦ ለዋናው ፖምፓ በሚሰጠው ማቅረቢያ ፖምፓ መካከል ያለው ቱቦ የሚሠራው በመሳብ ስለሆነ ቢሰነጠቅ ናፍጣ ላያንጠባጥብ ይችላል፤ ይልቅ አየር ይስባል። በፀሐይ የደረቀ የጎማ ቱቦ ሁሉ ተጠርጣሪ ነው። አንድ ንጹሕ ጀሪካን ከሞተሩ ከፍ አድርጎ አስሮ፣ አጭር አዲስ ቱቦ በቀጥታ ወደ ማቅረቢያው ፖምፓ ማገናኘትና ማስነሳት፤ ተነሳ ማለት ጥፋቱ ከፖምፓው በፊት ነው ማለት ነው። ይህች ሙከራ ብቻዋን የስንቱን ሰው ፖምፓ ከመፈታት ባዳነች።

አየር ከገባ ማስወጣት ግድ ነው። በፊልትሮው ራስ ላይ ያለችውን ቡሎን ላላ አድርጎ የእጅ ፖምፓውን መምታት፤ መጀመሪያ አረፋ፣ ከዚያ የጠራ ናፍጣ ይወጣል፤ እየፈሰሰ ሳለ ማጥበቅ። ቀጥሎ በቆየው ዓይነት ሞተር ላይ ወደ ኖዝሎቹ የሚሄዱትን የሁለት ወይም የሦስት ሲሊንደር ቱቦዎች ራስ በግማሽ ዙር አላልቶ ሞተሩን ማዞር፤ ናፍጣው ፍንጥቅ ሲል መልሶ ማጥበቅ። ሞተሪኖውን በአንድ ጊዜ ከ15 ሰከንድ በላይ አለማስጮህ፣ በመካከሉም አንድ ሁለት ደቂቃ ማሳረፍ። ትዕግሥት ያጣ ሰው የናፍጣ ችግር ሊፈታ ወርዶ የተቃጠለ ሞተሪኖና የሞተ ባትሪ ይዞ ይቀራል።

ከባድ ማስጠንቀቂያ የሚያስፈልገው ግን አዲሶቹ መኪኖች ላይ ነው። ኮመን ሬል የሚባለው ሥርዓት ናፍጣውን ከ1,600 ባር በላይ ሊደርስ በሚችል ግፊት ይይዘዋል። በአሮጌው ልማድ የዚያን ቱቦ ራስ እያላላ የሚፈትሽ መካኒክ ናፍጣው ቆዳውን በስቶ ሊገባበት ይችላል፤ ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ያህል ቢመስልም እጅ እስከ መቆረጥ የሚያደርስ ጉዳት ነው፣ ወዲያው ሐኪም ቤት መሄድ ይጠይቃል። እነዚህ ሞተሮች በኮምፒውተር ስለሚታዘዙ የመዞሪያ ምልክት አንባቢዋ ከተበላሸች ወይም በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ካነሰ ኮምፒውተሩ ናፍጣ እንዲረጭ አያዝም። ያለ መመርመሪያ መሣሪያ እዚያ ውስጥ መግባት በጨለማ መዳበስ ነው።

ሌላው አደገኛ ልማድ በቤንዚን የተነከረ ጨርቅ አየር መሳቢያው ላይ ይዞ ማስነሳት ነው፤ በቆርቆሮ የሚሸጠውን ኢተር መርጨትም ያው ነው። ሞተሩ አንዳንዴ ይነሳል፣ ሹፌሩም ይመርቃል። ነገር ግን ቤንዚንና ኢተር ከሰዓታቸው በፊት ፈንድተው ፒስቶን ይሰብራሉ፣ ማሞቂያ ባለው ሞተር ላይ ደግሞ እሳቱ ወደ ውጭ ይወጣል። ጨርቁን የያዘው አብዛኛውን ጊዜ ረዳቱ ነው፤ በቤንዚን እጁና ፊቱ የሚቃጠለውም እሱ። ይህ ልማድ በየጋራዡ በግልጽ መከልከል አለበት።

እስካሁን የተባለው ሁሉ ናፍጣው ናፍጣ ከሆነ ነው። በምሥራቅ ሱዳን ግን ይህ ራሱ አጠያያቂ ሆኗል። ከካርቱም በስተ ሰሜን 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የሚገኘው የአልጄሊ ማጣሪያ፣ ከቻይናው ብሔራዊ የነዳጅ ኩባንያ ጋር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2000 ሥራ የጀመረ፣ በቀን 100,000 በርሜል የማጣራት አቅም የነበረው፣ የሱዳን ዋነኛ የነዳጅ ምንጭ ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል በፈነዳው ጦርነት ማጣሪያው በፈጥኖ ደራሹ እጅ ወደቀ፣ በውጊያ ተቃጠለ፣ ሠራዊቱ መልሶ ሲይዘውም በጥር 2017 ዓ.ም. የተረከበው ፍርስራሽ የበዛበት ግቢ ነበር። ማጣሪያው ሥራ ካቆመ ወዲህ ገዳሪፍ የሚደርሰው ናፍጣ በፖርት ሱዳን ገብቶ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በቦቴ የሚጓዝ ሆነ። ታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ወድ መደኒ ስትወድቅ ሕዝብ በብዛት ወደ ገዳሪፍ ጎረፈ፣ የነዳጁም የእህሉም ጥያቄ አብሮ ናረ። በሚያዝያ መጨረሻ 2017 ዓ.ም. ደግሞ የፖርት ሱዳን የነዳጅ ማከማቻዎች በድሮን ተመቱ።

እንዲህ ባለ ጊዜ ናፍጣ በማደያ ብቻ አይሸጥም። ከቦቴ ወደ በርሜል፣ ከበርሜል ወደ ጀሪካን፣ ከጀሪካን በተቆረጠ ፕላስቲክ ማንቆርቆሪያ ወደ መኪናው ይገለበጣል። በእያንዳንዱ መገልበጥ አቧራ ይገባል። ግማሽ የቀረው በርሜል ሌሊት ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው እርጥበት ውሃ ሆኖ ይወርዳል፤ ክረምት ሲሆን ዝናቡ ይጨመርበታል። ውሃ ካለ ደግሞ በውሃውና በናፍጣው መገናኛ ላይ የሚራቡ ረቂቅ ነፍሳት ፊልትሮውን የሚደፍን አተላ ይሠራሉ። ላምባ የተቀላቀለበት እንደሆነ ችግሩ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ላምባ ስስ ስለሆነ ፖምፓውን አያለሰልስም፣ ብረት ከብረት እየተፋጨ ይበላል፣ ከወራት በኋላ ያው እኩለ ቀን ላይ አልነሳ የሚለው መኪና ይፈጠራል።

ውሃን ለመለየት ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። ከፊልትሮው ሥር ያለውን ማፍሰሻ ከፍቶ በንጹሕ የውሃ ሃይላንድ መቀበልና ግማሽ ሰዓት ማቆየት ነው፤ ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ታች ይቀመጣል፣ መስመሩ በዓይን ይታያል። ላምባን ግን ሃይላንድ አያሳይም፣ እዚያ ላይ የመንግሥት ቁጥጥር ግድ ይላል። በኢትዮጵያ በኩል የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር በሚያወጣቸው የዋጋ ዝርዝሮች ላይ ነጭ ናፍጣና ኬሮሲን በተደጋጋሚ በአንድ ዋጋ ሲወጡ ታይተዋል፤ ዋጋቸው እኩል ሲሆን መቀላቀሉ ለነጋዴው ትርፍ የለውም፣ ይህም ጥሩ ነገር ነው። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የነዳጅ ውጤቶች ግብይት ሥርዓት አዋጅም በሕገወጥ ሽያጭ ላይ ጠንከር ያለ ቅጣት ደንግጓል። ይሁን እንጂ ቅጣት ሻጩን ቢያስፈራ የተበላውን ፖምፓ አይመልስም። በመተማና በገንዳ ውሃ ማደያዎች ናሙና እየተወሰደ ውጤቱ ለሹፌሮች በግልጽ ቢለጠፍ፣ ሹፌሩ የት መቅዳት እንዳለበት አውቆ ይመርጣል።

ከናፍጣው ባሻገር፣ የቆመ ሞተርና የመለዋወጫ እጦት በዚህ ድንበር ላይ ምን እንደሚያደርሱ ታሪክም ይመሰክራል። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ብርጋዴር ዊሊያም ስሊም የሚመሩት የእንግሊዝ ጦር የሕንድ ብርጌድና 12 ታንኮች ይዞ ጋላባት ላይ በጣሊያን ጦር ላይ አደጋ ጣለ። ጋላባት ተያዘች፤ ታንኮቹ ግን በብዛት በፈንጂ፣ በድንጋይና በብልሽት ቆሙ። መለዋወጫቸውን የጫነው ካሚዮን ደግሞ በጣሊያን አውሮፕላን ተደብድቦ ተቃጠለ። ጥገናው ዘገየ፣ ማዶ ያለችው መተማም ሳትያዝ ጦሩ ወደ ኋላ ተመለሰ። በ1977ቱ ረሃብ ጊዜም ከምሥራቅ ሱዳን ወደ ትግራይና ወደ ኤርትራ እህል የሚያደርሱት ካሚዮኖች የአውሮፕላን ድብደባ ሽሽት ሌሊት ሌሊት ነበር የሚጓዙት። ለእነዚያ ሹፌሮች ጎሕ ሲቀድ ሜዳ ላይ የማይነሳ ሞተር ማለት የተራበ ሰው እህሉን አጣ ማለት ነበር።

ዛሬም ጉዳዩ ከአንድ ባለንብረት ኪሳራ ያልፋል። የገዳሪፍ ሰፋፊ እርሻ እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ ጀምሮ በትራክተርና በካሚዮን የቆመ ነው፤ ከተማዋ ውስጥ 100,000 ቶን የሚይዝ ጎተራ የተሠራውም ይህን ምርት ለመያዝ ነበር። ጦርነት ያፈናቀለው ሕዝብ በሚራብበት ሰዓት ማሽላ የጫነ መኪና ዶካ ላይ ሦስት ቀን ሲቆም የሚጎዳው ሹፌሩ ብቻ አይደለም።

መካኒኮቹን መውቀስ ቀላል ነው፣ ፍትሕ ግን አይደለም። የመስመሩ መካኒክ የሚከፈለው ዕቃ ፈትቶ ሲገጥም እንጂ ጥፋቱን ሲያገኝ አይደለም። የተሰነጠቀችውን ቱቦ በሩብ ሰዓት ያገኘ ሰው «ምን ሠራህና» ተብሎ የሻይ ይሰጠዋል፤ ፖምፓ ያወረደው ግን የሙሉ ቀን ዋጋ ይቀበላል። እንዲህ ከተከፈለ ማን ቀስ ብሎ ይፈልጋል? ባለንብረቶችና የጭነት ማኅበራት ለምርመራ ራሱን የቻለ ዋጋ መክፈል ሊለምዱ ይገባል፤ ወጪው ከአንድ ፖምፓ ጥገና ሲነጻጸር ኢምንት ነው። የጎንደር የቴክኒክና ሙያ ተቋማትም ተማሪዎቻቸውን በተከፈተ ሞተር ላይ ከማሠልጠን ባሻገር ሆን ተብሎ በተበላሸ፣ ዞሮ በማይነሳ መኪና ላይ ቢያፋልጓቸው ይበጃል። ፊልትሮ አንዱ ወገን ላይ ተደርድሮ ሌላው ወገን ላይ መኪና ሳምንት እንዳይቆምም፣ የሁለቱ አገር ጉምሩኮች ለቆመ መኪና የሚሻገሩ ፊልትሮና ቱቦን የመሰሉ ጥቃቅን ዕቃዎችን በአንድ ቀን የሚያሳልፉበት አሠራር ያስፈልጋቸዋል።

ለዚህ ሁሉ ጊዜው ነሐሴና መስከረም ነው። ክረምቱን ግማሽ ናፍጣ ይዘው የቆሙ ካሚዮኖች ቋታቸው ውስጥ ውሃ አጠራቅመዋል፤ የሰሊጡ አጨዳ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ሲደርስ ሁሉም በአንድ ሳምንት ሊነሱ ይሞክራሉ። የመተማና የቋራ የጭነት ማኅበራት ከዚያ በፊት ቋቶቻቸውን ቢያስጠርጉ፣ የደረቁትን ቱቦዎች ቢያስለውጡ፣ ለእያንዳንዱ መኪናም ሁለት መለዋወጫ ፊልትሮ፣ አንድ ሜትር ንጹሕ ቱቦና አንድ ንጹሕ ጀሪካን ቢያሲዙ፣ ሹፌሮቻቸው ዶካ ላይ ፖምፓ ከማስፈታታቸው በፊት የሚሞክሩት ነገር ይኖራቸዋል።